ጀርመን ሬስቶራንት ስትገቡ ይሉኝታችሁን ቤት አስቀምጡት

ይሄን የምጽፈው ስለሰለቸኝ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ ያንኑ ነው የሚጠይቀኝ፣ ውሃ ለምን አስከፈሉኝ፣ ሒሳብ ለምን አያመጡልኝም፣ ሽኒትሰል (ዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ የሚጠበስ ስስ ሥጋ) ይበላል ወይ። ሰመር ላይ ደግሞ ሙኒክ ውስጥ አንድ ቤተሰብ እንጀራና ወጡን ቋጥሮ ቢርጋርተን (ደጅ ላይ ቢራ የሚጠጣበት ቦታ) ሄደና የጠረጴዛ ልብስ የተዘረጋበት፣ ምግብ ከቤቱ የሚታዘዝበት ቦታ ቁጭ ብሎ ሳህኑን ሲከፍት አስተናጋጇ መጥታ አስነሳቻቸው። አባትየው "ዘረኞች ናቸው" እያለ እስካሁን ያወራል። ዘረኝነት የለም አልልም፣ አለ፣ ግን ያን ቀን የሆነው እሱ አይደለም። ትንሽ ራቅ ብለው ልብስ የሌለው ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ኖሮ ማንም አይናገራቸውም ነበር።

ሙኒክ ባለችበት ክፍለ አገር ባየርን ውስጥ ቢርጋርተን ምግብ ከቤት ይዞ መሄድ የቆየ መብት ነው። በ1812 ንጉሥ ማክስ ዮሴፍ ቀዳማዊ ጠማቂዎቹ ቢራ በሚያቀዘቅዙበት ምድር ቤት ደጃፍ ላይ ቢራ እንዲሸጡ ፈቀደ፣ ከዳቦ ውጪ ምግብ መሸጥ ግን ከለከላቸው፣ ምክንያቱም የከተማው ምግብ ቤቶች ገበያችን ተወሰደ ብለው አቤት ብለው ነበር። ሰዉም ምግቡን ይዞ መሄድ ጀመረ፣ በዛው ቀረ። እነዛ ትልልቅ የካስታኒየን ዛፎችም ለጌጥ አይደሉም፣ ከስር ያለውን ምድር ቤት ጥላ እንዲያደርጉለት ነው የተተከሉት። በ1999 የወጣው የባየርን የቢርጋርተን ደንብ ይሄንን ምግብ ይዞ የመሄድ ልማድ አጽንቶታል። ስለዚህ ዶሮ ወጥም ይሁን ሽሮ፣ ዘልብስትበዲኑንግ (ራስን ማስተናገድ) የሚል የተጻፈበት፣ ባዶ የእንጨት ጠረጴዛ ያለበት በኩል ቁጭ ብላችሁ ብሉ። መጠጥ ግን ከእነሱ ነው የምትገዙት፣ ኮካ ከሱፐርማርኬት ደብቃችሁ እንዳትገቡ፣ ያሳፍራል። ይሄ ደግሞ ባየርን ነው። ፍራንክፈርት ወይ በርሊን ቢርጋርተን የሚል ታፔላ ያለበት ብዙ ቦታ በረንዳ ያለው ሬስቶራንት ብቻ ነው፣ እዛ ምግብ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

አቀማመጥ ላይ ብዙ አልልም። ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ባዶ ቦታ ካለ "ኢስት ሂር ኖህ ፍራይ?" (እዚህ ሰው አለ ወይ) ብሎ ከማያውቁት ሰው ጎን መቀመጥ የተለመደ ነው። ሬዘርቪርት (የተያዘ) ወይ ሽታምቲሽ የሚል ነገር ካለ ግን እለፉት፣ ሽታምቲሽ የቋሚ ደንበኞች ጠረጴዛ ነው፣ ባዶም ቢሆን አትቀመጡበት፣ እኔን ፈቀዱልኝ የሚል ሰው ካለ እድለኛ ነው። አስተናጋጅ ለመጥራት ማጨብጨብ ደግሞ እዚህ አገር ጨዋነት አይደለም። ዓይኑን ጠብቃችሁ እጃችሁን ትንሽ ከፍ ማድረግ በቂ ነው። ይቆያል፣ አውቃለሁ፣ እነሱም ይቆያሉ።

መጠጥ። ባየርን ቢርጋርተን ውስጥ ማስ ማለት አንድ ሊትር ነው። ሰው ስላዘዘ ብላችሁ አትዘዙ፣ ግማሽ ሊትርም አለ፣ ራድለርም አለ፣ እሱ ቢራ ከሎሚናት ጋር ነው። አልኮሆልፍራይ (አልኮል የሌለው) የሚባለው ቢራ ላይ ግን ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ ልብ በሉ፣ እዚህ አገር እስከ 0.5 በመቶ አልኮል ኖሮበትም እንደዛ መባል ይችላል፣ ጭራሽ እንዳይኖርበት ከፈለጋችሁ 0.0 የሚለውን እዩ ወይም አፕፈልሾርለ፣ የአፕል ጭማቂ ከጋዝ ውሃ ጋር፣ ጠጡ። ውሃ ስትሉ ጋዝ ያለው ነው የሚመጣው፣ ዝም ያለውን ከፈለጋችሁ "ሽቲል" በሉ፣ እሱም ይከፈላል፣ አንዳንድ ቦታ ከቢራ ብዙም አይረክስም። የቧንቧ ውሃ በነፃ የመስጠት ግዴታ የለባቸውም። መጠየቅ ይቻላል፣ እምቢ ካሉ ግን መጣላት የለም።

ጠረጴዛው ላይ በቅርጫት ብሬጸል (የተጠማዘዘ ዳቦ) ተቀምጦ ካገኛችሁ ግብዣ እንዳይመስላችሁ። የበላችሁትን ቆጥረው ነው የሚያስከፍሉት። ልጅ ያለው ሰው በተለይ ይጠንቀቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ አሳማ። ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ ይሄን ነው፣ እና አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም አጠያየቁ ላይ ነው። ሽኒትሰል ላይ ሕጉ ግልጽ ነው፣ "ቪነር ሽኒትሰል" ብሎ ብቻ ከጻፈ የጥጃ ሥጋ መሆን አለበት፣ "ቪነር አርት" ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው፣ ዋጋውን ብቻ አይታችሁም ታውቁታላችሁ። የገር ሽኒትሰልም፣ ካሪቩርስትም (ቋሊማ በካሪ ሶስ) ብዙውን ጊዜ ያው ነው። ጠዋት ዳቦ ቤት ውስጥ ቀይ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ሽንኩርት ተነስንሶበት ዳቦ ላይ አይታችሁ "ጀርመንም ክትፎ አለው!" ብላችሁ እንዳትዘሉ፣ ሜት ይባላል፣ ጥሬ አሳማ ነው።

እኔ የተበላሁት ግን በሪንደርሩላደ ነው። ስሙ ላይ ራሱ ሪንድ አለ፣ ሪንድ የከብት ሥጋ ነው፣ አስተናጋጁንም "ሪንድ ነው?" ብዬ ጠየቅኩት፣ "አዎ፣ ሪንድ ነው" አለኝ። አልዋሸም። አሠራሩ ግን እንዲህ ነው፦ ስስ የበሬ ሥጋ ተዘርግቶ ሰናፍጭ ይቀባል፣ ሽንኩርትና ኮምጣጤ ውስጥ የቆየ ኪያር ይደረግበታል፣ ከዛ ሽፔክ ይጨመርና ተጠቅልሎ በክር ይታሰራል፣ ረጅም ሰዓት በሶሱ ይበስላል። ሽፔክ ደግሞ የአሳማ ጮማ ነው። ስቆርጠው መሃሉ ላይ ስስ ነጣ ያለ ነገር አየሁ፣ የበሬው ጮማ መሰለኝ፣ ሶሱንም በክሎሱ (ክብ የድንች ሊጥ ቅቅል) ጠራርጌ ጨረስኩ። የሥራ ባልደረባዬ "አንተ አሳማ አትበላም አላልክም እንዴ?" ያለችኝ ሳህኑ ከተነሳ በኋላ ነው። እና እባካችሁ "ምን ሥጋ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ እሱ የሚመልስላችሁ ዋናውን ሥጋ ብቻ ነው። "ኢስት ዳ ሽቫይን ድሪን?" በሉ፣ ውስጡ አሳማ አለ ወይ ነው፣ ቀጥላችሁ "ኡንት ሽፔክ?" በሉ፣ ምክንያቱም ሽፔክን እንደ ቅመም የሚቆጥር ሰው ብዙ ነው። "ላወጣልህ" ካለ እምቢ በሉ፣ አብሮ በስሏል። ሜኑው ላይ ምግቡ ጎን ያሉት ትንንሽ ፊደላትም አያድኗችሁም፣ እነሱ የአለርጂ ናቸው፣ ሕጉ የሚያስገድደው 14 ነገሮችን ነው፣ አሳማ ከነሱ ውስጥ የለም። ሰው እያየኝ እንዴት እጠይቃለሁ የሚል ካለ፣ ጀርመኖቹ ራሳቸው ስለ ለውዙም ስለ ወተቱም አስተናጋጁን አቁመው ሲጠይቁ ነው የሚውሉት፣ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም።

ለጾመኛ ግን እነዛ ፊደላት ይጠቅማሉ፣ ወተትና እንቁላል ከ14ቱ ውስጥ ስላሉ ሜኑው መጨረሻ ላይ ያለውን ዝርዝር እያመሳከራችሁ መለየት ትችላላችሁ። አትክልት የመሰለ ሁሉ ጾም አይደለም። የምስር ሾርባቸው ምስር ወጥ መስሎ ይመጣና ውስጡ ሽፔክ ወይ ቋሊማ ይገኛል፣ ሳወርክራውት (የኮመጠጠ ጎመን) እና ቀዩ ጎመን በስብ ሊበስሉ ይችላሉ፣ ብራትካርቶፈልን (የተጠበሰ ድንች) ማመን የለም፣ የድንች ሰላጣ ደግሞ ደቡብ በሥጋ መረቅ ሰሜን በማዮኔዝ ነው የሚሠራው። አንዳንድ ብሬጸል ራሱ ሊጡ ውስጥ የአሳማ ስብ አለው። "ቪጋን" የሚለው ቃል ነው አስተማማኙ፣ "ቬጌታሪሽ" ካለ ሥጋ የለውም እንጂ አይብና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። አሳማ ለማይበላ ግን ላልጾመ ሰው ቢርጋርተን ውስጥ ግማሽ ዶሮ አለ፣ በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበስ ሽቴከርልፊሽም አለ፣ እኔ ሁሌ እሱን ነው የምበላው። ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ፣ እኔ አልገባበትም።

ልጆች ካሏችሁ ሮይበርቴለር ጠይቁ፣ ባዶ ሳህን ይሰጧቸውና ከናንተ እየወሰዱ ይበላሉ፣ ብዙ ቦታ ነፃ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ሙሉ ምግብ አዝዞ ግማሹን የሚተው ሰው ያናድደኛል።

ክፍያ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ይሄ ሁሉ መኪና የሚሠራ አገር ሬስቶራንቱ ውስጥ "ኑር ባርጌልድ" የሚል ወረቀት ይለጥፋል፣ ጥሬ ገንዘብ ብቻ። ካርድ ይቀበላል የተባለውም አንዳንዱ ጂሮካርድ (የጀርመን ባንክ ካርድ) ብቻ ነው። ለጥገኝነት ጠያቂ የሚሰጠው ቤጻልካርተ (የድጎማ ገንዘብ የሚገባበት የክፍያ ካርድ) ብዙውን ጊዜ ቪዛ ወይ ማስተርካርድ ስለሆነ እዛ አይሠራም፣ አብዛኛው ክፍለ አገር ደግሞ በወር 50 ዩሮ ብቻ ነው በጥሬው ለአዋቂ የሚፈቅደው። ማን እንዳሰበው እንጃ፣ ቢሮ ቁጭ ብሎ ከተማ ወጥቶ በልቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት ካርዳችሁን አሳይታችሁ ጠይቁ፣ ከበላችሁ በኋላ አይደለም።

ሒሳብ ካልጠየቃችሁ አይመጣም፣ "ጻለን ቢተ" (ልክፈል እባክህ) በሉ። "ጹዛመን ኦደር ጌትረንት?" ይላችኋል፣ አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ ማለቱ ነው። እንሂድና እንብላ ያለ ጀርመናዊ የራሱን ነው የሚከፍለው፣ እናንተም የራሳችሁን። ሀበሻ ለሀበሻ ሒሳብ ሲታገል አስተናጋጁን መሃል አቁሞ እጁን መጎተት ግን ይቅርብን፣ ሰውየው ሌላ ጠረጴዛ አለው። ጉርሻ ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ ብዙም የተለመደ አይደለም፣ ስትከፍሉ ነው የምትናገሩት፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃል፣ 27.60 ከሆነ 30 ብላችሁ ትሰጣላችሁ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ 20 በመቶ ካሏችሁ የሜኑው ዋጋ እዚህ ታክሱም አገልግሎቱም የገባበት ነው በሏቸው። አንድ ነገር ብቻ፣ ለ32 ዩሮ ሒሳብ 50 ዘርግታችሁ ፈገግ ብላችሁ "ዳንከ" (አመሰግናለሁ) ካላችሁ መልሱ ያንተ ነው ማለት ይሆናል፣ ቦርሳውን ዘግቶ አመስግኖ ይሄዳል። መጀመሪያ የምትከፍሉትን ቁጥር ተናገሩ፣ መልሱን ተቀበሉ፣ ከዛ አመስግኑ።