ኮምፓይለሩን ከመክሰስዎ በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጻፍነውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለርም ሰው የሠራው ፕሮግራም ነውና ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲስሚዝ በተባለ መሣሪያቸው ጂሲሲንና ኤልኤልቪኤምን ጨምሮ ሲ (C) በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮምፓይለሮች ውስጥ ቀድሞ ያልታወቁ ከ325 በላይ ስህተቶችን ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ሆኖም ድሬዳዋ ውስጥ ከጀማሪዎች የምሰማው አቤቱታ በአብዛኛው ኮምፓይለሩን ያለ ጥፋቱ የሚከስ ነው። እውነተኛው ጥፋት ደግሞ በወጉ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ይህኛው የበለጠ ያሳዝነኛል።

የመጀመሪያው ስህተት ሙቀቱን መርሳት ነው። ትልቅ ፕሮጀክት ኮምፓይል ሲደረግ ፕሮሰሰሩ ለረጅም ጊዜ በሙሉ አቅሙ ይሠራል፣ ራሙም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) ይሞላል። በሰኔ ቀትር፣ ማራገቢያው አቧራ በጠጣ ላፕቶፕ ላይ ይህ ቀላል ጫና አይደለም። ኮምፓይለሩ የውስጥ ስህተት አጋጠመኝ ብሎ ከቆመ ምንም ሳይለውጡ ያንኑ ትእዛዝ ይድገሙት። አንዴ በዚህ ፋይል፣ አንዴ በሌላው ላይ የሚቆም፣ አንዳንዴም በሰላም የሚያልፍ ከሆነ መጀመሪያ ራሙንና ሙቀቱን ይጠርጥሩ። የኮምፓይለር ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቦታ ላይ ይደጋገማል። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ይሞክሩት፤ ራሙንም ሜምቴስት በተባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ይፈትሹ። «ኪልድ» (Killed፣ ተገደለ) የሚል ቃል ብቻ ካዩ ደግሞ ምናልባት ራም አልቆ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ አቋርጦት ይሆናል።

ሁለተኛው ከፊደላችን ጋር የተያያዘ ነው። «ድሬዳዋ» አራት ፊደል ሆኖ ሳለ የሲ ፕሮግራም ርዝመቱን 12 ሲል ብዙዎች ይደነግጣሉ። ፊደላትን በኮምፒውተር ለማስቀመጥ በሚያገለግለው ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) በተባለው ሥርዓት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የማስቀመጫ መለኪያ) ስለሚይዝ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የተቆጠረው ባይቱ ነው።

ሦስተኛው እጅግ ስውር ነው፦ ቋንቋው ውጤቱን ባልደነገገለት ኮድ ላይ መተማመን። በሲ ቋንቋ ምልክት ያለው ኢንቲጀር (ከዜሮ በታችም መሆን የሚችል ሙሉ ቁጥር) ከአቅሙ በላይ ቢሞላ ምን እንደሚሆን ደንቡ አይናገርም። ስለዚህ ኮምፓይለሩ አንድ ቁጥር ላይ 1 ሲደመር ምንጊዜም ይበልጣል ብሎ የመገመት መብት አለው። መሙላቱን ለመያዝ የጻፉትን ፍተሻም ኦፕቲማይዜሽን (ፕሮግራሙን ለማፍጠን ኮምፓይለሩ የሚያደርገው ማሻሻያ) ሲበራ አላስፈላጊ ነው ብሎ ሊሰርዘው ይችላል። «ያለ ኦፕቲማይዜሽን ይሠራል፣ በኦ2 (-O2 በሚለው የኦፕቲማይዜሽን ደረጃ) ይበላሻል» የሚለው ማስረጃ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። አስቀድመው ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ አብርተው ያንብቡ፤ ፕሮግራሙንም ፕሮግራሙ ሲሄድ ያልተደነገገ ድርጊትን በሚይዘው ሳኒታይዘር በተባለ መፈተሻ ያስኪዱ።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፦ «ኮዴ የተሳሳተ ስለነበር ነው» ብሎ ዝም ማለት። ኮምፓይለር የተሳሳተ ኮድ ሲሰጠው ስህተቱን መናገር እንጂ መውደቅ የለበትም። የጂሲሲ መመሪያ በማናቸውም ግብዓት ላይ መውደቅ የኮምፓይለሩ ጥፋት መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል።

ለኮምፓይለሩ ሠሪዎች ወደሚላከው የስህተት ሪፖርት ስንመጣ፣ ሙሉውን ፕሮጀክት መላክ ከሁሉ የከፋው ነው። የሚያነበው ሰው ጊዜ የለውም፤ የደንበኛዎን ኮድ አደባባይ ማውጣትም ተገቢ አይደለም። ስህተቱ እስካለ ድረስ መስመር እየቀነሱ ያሳጥሩት። ሲሪዱስ (C-Reduce) የተባለው መሣሪያ ይህን በራሱ ይሠራል፤ ብዙ ሺህ መስመር ወደ ጥቂት መስመሮች ሊወርድ ይችላል። ከዚያ ያው ስህተት በአዲሱ ቨርዥን መኖሩንና ቀድሞ አለመመዝገቡን ያጣሩ።

የስክሪን ፎቶ በስልክ አንስቶ መላክም ይቅር። የኮምፓይለሩ ቨርዥን፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ሙሉው ትእዛዝና የወጣው መልእክት በጽሑፍ ይቅረቡ። የጠበቁትንና ያገኙትን ውጤት ለየብቻ ይጻፉ።

«ከድሬዳዋ የምጽፈውን ማን ያነበዋል? እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው» የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል። እባካችሁ ይህን ተዉት። አሥር መስመር ኮድና አንድ ትእዛዝ የትም አገር ያለ ሰው ሊሞክረው ይችላል፤ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። ከላካችሁ በኋላ ግን አትጥፉ፤ ለተጨማሪ ጥያቄ መልስ ያላገኘ ሪፖርት ሊዘጋ ይችላል። ስህተቱ ሲታረም የላካችሁት ኮድ ብዙ ጊዜ ከኮምፓይለሩ መፈተኛዎች ጋር ይቀመጣል፤ ያው ጥፋት ተመልሶ ቢመጣ የሚይዘው እርሱ ነው።