«ኮብልስቶን» ስንጽፍ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«የሰፈራችን መንገድ በኮብልስቶን ነጠፈ።» እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ለእርማት ሲመጣልኝ ብዕሬ መጀመሪያ የሚያርፈው ግሱ ላይ ነው። የሚነጥፍ ወተት ነው፤ ምንጭም ይነጥፋል። ላሟ ነጠፈች ማለት ወተቷ ደረቀ ማለት ነው። ድንጋይን ግን ሠራተኛ ያነጥፈዋል፤ ድንጋዩም ይነጠፋል። አንዲት «ተ» በመጉደሏ መንገዱ ስንት ዓመት ታልቦ እንደደረቀ ላም ሆኖ ቁጭ ይላል። «ኮብልስቶን ተነጠፈለት» ቢባል ምን ነበረበት?

«የኮብልስቶን ድንጋይ» የሚሉም አሉ። «ስቶን» ራሱ ድንጋይ ስለሆነ አንዱ ይበቃል።

በትርጉም ሥራ ላይ ያለው ስህተት ረቀቅ ይላል። የእንግሊዝኛው ቃል መነሻ ወንዝ አንከባሎ ያለዘበው፣ ሳይጠረብ የሚነጠፍ ድቡልቡል ድንጋይ ነው። የእኛው ግን በመዶሻ ተጠርቦ አራት ማዕዘን የወጣለት፣ አሸዋ ላይ ጎን ለጎን የሚደረደር ነው። እንግሊዞች ለዚህኛው «ሴት» የሚል ሌላ ስም አላቸው፤ በእኛ ፊደል ምን ሆኖ እንደሚነበብ እያያችሁ ነው፣ እሱንስ ባንዋሰው ይሻላል። «ኮብልስቶን» አማርኛ ውስጥ ስለለመደ ይቆይ። የጥንት የእንግሊዝ መንደርን ጎዳና የሚገልጽ ልብ ወለድ ስትተረጉሙ ግን «ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ የተነጠፈበት» ብትሉ አንባቢያችሁ የአዲስ አበባን የውስጥ ለውስጥ መንገድ አያስብም።

መሥሪያ ቤቶች «ጌጠኛ ድንጋይ» ይሉታል። ስሙ ያማረ ቢሆንም፣ ጉዳዩን የማያውቅ ሰው እብነ በረድ ሊመስለው ይችላል። ለእኔ «ጥርብ ድንጋይ» የበለጠ ይገልጸዋል።

ታክሲ ላይ የተንገጫገጨ ሁሉ መንገዱን «ኮሮኮንች» ይላል። ኮሮኮንች ድንጋዩ እንደነገሩ ያገጠጠበት መንገድ ነው፤ ማንም አላነጠፈውም።

የሚያናድደኝ ቃሉን ለማላገጫ ማዋል ነው። ሥራው በ1990ዎቹ መገባደጃ በጀርመን የቴክኒክ ድጋፍ ድሬዳዋ ላይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲስፋፋ፣ ሥራ ያጡ ተመራቂዎችም ገቡበት። ከዚያ ወዲህ «ተመርቆ ኮብልስቶን» የውድቀት ስም ሆነ። ጠራቢው ጥቁሩን ድንጋይ አገላብጦ መስመሩን ይፈልጋል፣ አንዴ ይመታዋል፣ ድንጋዩም ባሰበው በኩል ይከፈላል። እኔ ብሞክረው የማገኘው ፍርካሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ያንን ሐረግ ባየሁበት ሁሉ እሰርዘዋለሁ፤ ጸሐፊው ቢያኮርፍም።