የአውስትራሊያን አመሠራረት ታሪክ እንዴት ማጥናት ይቻላል?

የአውስትራሊያን አመሠራረት ለማጥናት የተነሣ ሰው ከሕገ መንግሥቱ ይልቅ ከጉምሩክ ቢጀምር ይሻለዋል። እስከ ውህደቱ፣ ማለትም እስከ እ.ኤ.አ. 1901 መባቻ ድረስ፣ ስድስቱ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች የየራሳቸው ፓርላማና የቀረጥ ሕግ ስለነበራቸው፣ በመሬይ ወንዝ በኩል ከኒው ሳውዝ ዌልስ ወደ ቪክቶሪያ የሚሻገር ሸቀጥ ድንበር እንዳቋረጠ ተቆጥሮ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችል ነበር።

ቀጥሎ ስለ ውህደቱ የተካሄዱትን ሕዝበ ውሳኔዎች በቅደም ተከተል ይመርምሩ፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1898 በኒው ሳውዝ ዌልስ ደጋፊው ከተቃዋሚው ቢበልጥም፣ ሕጉ የጠየቀው 80,000 የድጋፍ ድምፅ ስላልሞላ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ሳይጸድቅ ቀረ። መሪዎቹም እንደገና ተደራድረው፣ ዋና ከተማው በዚያው ግዛት፣ ግን ከሲድኒ ቢያንስ 100 ማይል ርቆ እንዲቆረቆር፣ እስከዚያው ድረስ ፓርላማው በሜልበርን እንዲሰበሰብ ተስማሙ። ይህን የያዘውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 125 ራስዎ ያንብቡት፤ የሁለቱን ከተሞች ፉክክር የዚያን ያህል የሚያጋልጥ ሌላ ሰነድ ያለ አይመስለኝም።

በመጨረሻም ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበትን ሕግ መግቢያ ያስተውሉ። ምዕራብ አውስትራሊያ ድምፅ የሰጠችው የለንደኑ ፓርላማ ሕጉን በሐምሌ 1900 ካጸደቀ በኋላ ስለሆነ፣ በመግቢያው ላይ የተዘረዘሩት የቀሩት አምስቱ ቅኝ ግዛቶች ብቻ ናቸው።