የሪዞቢየም የስኳር ካባ ትንተና ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

በጥራጥሬ ሥር ላይ እባጭ ሠርተው ለተክሉ ናይትሮጅን የሚያዘጋጁት ሪዞቢየሞች ገላቸው በስኳር ሰንሰለት የተሸፈነ ነው። ተክሉ በሩን ከመክፈቱ በፊት የሚዳስሰው ይህንን ካባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሎተስ ጃፖኒከስ በተባለ ተክል ላይ የባክቴሪያውን ስኳር ለይቶ የሚያውቅ ኢፒአር3 የተሰኘ ተቀባይ ፕሮቲን እንዳለ ተዘገበ። ስለዚህ የካባውን መዋቅር ስንሳሳት ተክሉና ባክቴሪያው የሚነጋገሩበትን ቋንቋ ነው የምንሳሳተው።

ካባው ብዙ ድርብርብ አለው። ወደ ውጭ የሚፈሰው ዝልግልግ ክፍል ኢፒኤስ ይባላል። በውጫዊው ሽፋን ላይ የተተከለው ኤልፒኤስ ነው። ከታች ሊፒድ ኤ፣ መሃል ላይ ኮር፣ ከላይ ደግሞ ኦ-ሰንሰለት አለው። ኬ-አንቲጅን የሚባሉ ፖሊሳካራይዶችና ክብ ግሉካኖችም አሉ።

ከታች የምጽፋቸው ችግሮች ላብ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ ናቸው። ለሁሉም አንድ መነሻ አለኝ። እንግዳ ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ የራሳችንን አሠራር እንመርምር። ብዙውን ጊዜ መዋቅሩን የቀየረው አሲዳችን፣ ቤዛችን ወይም ማሳደጊያ ሚዲያችን ሆኖ ይገኛል።

ኢፒኤሱ ውስጥ ያልተጠበቀ ማኖስ ወጣ

በዚህ ችግር እኔ ራሴ ወራት አቃጥያለሁ። ናሙናው ንጹህ ይመስላል። ስኳሮቹን ለያይቶ የሚያሳየው የጋዝ ክሮማቶግራፊ ግሉኮስና ጋላክቶስ ያሳያል፤ አጠገባቸው ግን ማኖስ የተባለ ሌላ ስኳር ትልቅ ፒክ ቆሟል። አዲስ ፖሊሳካራይድ ያገኘን ይመስለናል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እርሾ ነው። ሪዞቢየም የሚያድግበት የተለመደው ማሳደጊያ ማኒቶልና የእርሾ ጭማቂ ይይዛል። የእርሾ ጭማቂ ውስጥ ማናን አለ። ማናን የማኖስ ሰንሰለት ነው፤ ኢታኖል ሲጨመርበት ከኢፒኤሱ ጋር አብሮ ይዘቅጣል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ባክቴሪያ ያልተዘራበትን ማሳደጊያ ወስደህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልክ እንደ ናሙናው አሠራው። ማኖሱ እዚያም ከወጣ ነገሩ አለቀ። ከዚያ በኋላ ማኒቶል፣ ግሉታሜትና ጨዎች ብቻ ባሉት ማሳደጊያ አሳድግ። ናሙናው በእጅህ ከሆነና ኢፒኤሱ አሲዳማ ከሆነ ደግሞ በሲታብ (አሲዳማ ፖሊሳካራይድን በሚያዘቅጥ ሳሙና መሰል ኬሚካል) አዝቅጠው። አሲዳማው ይወርዳል፤ ማናኑ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ዝቃጩን በጨው ውሃ አሟሟና በኢታኖል መልሰህ አውጣው።

ሌሎች እንግዶችም በዚሁ መንገድ ይገባሉ። ራይቦስ ካየህ አርኤንኤ አለ፤ በኒውክሊዬዝ አጽዳው። ከአጋር ላይ ኮሎኒ ስትፍቅ ጋላክቶስና አንሃይድሮጋላክቶስ አብረው ይመጣሉ። በ6ኛው ካርቦን ብቻ የተያያዘ ግሉኮስ ናሙናውን በመጠን ከምትለይበት የሴፋዴክስ ኮለም የተላቀቀ ዴክስትራን ሊሆን ይችላል።

ኮሎኒው ደረቅ ነው፣ ወይም በካልኮፍሉር አያበራም

ሲኖሪዞቢየም ሜሊሎቲ ሁለት ኢፒኤሶች መሥራት ይችላል። የመጀመሪያው ሳክሲኖግላይካን ነው። ተደጋጋሚ ክፍሉ 8 ስኳሮች አሉት፦ 7 ግሉኮስና 1 ጋላክቶስ። ሁለተኛው ጋላክቶግሉካን ነው፤ የእሱ ተደጋጋሚ ክፍል ግን አንድ ግሉኮስና አንድ ጋላክቶስ ብቻ ነው።

1021 የተባለው ዝነኛው የላብ ዝርያ ኤክስፒአር የተባለው ጂኑ ውስጥ ተዘዋዋሪ ዲኤንኤ ገብቶበታል። ስለዚህ በተለመደው ሁኔታ ጋላክቶግሉካን አይሠራም። ኮሎኒው እንደ ሌሎቹ ሙልጭልጭ ብሎ ባይፈስ አትደንግጥ። ፎስፌት ሲቀንስበት ግን ጋላክቶግሉካኑን መሥራት ይጀምራል። ሁለት ሰዎች በአንድ ዝርያ የተለያየ ውጤት ካገኙ የማሳደጊያቸውን የፎስፌት መጠን ያወዳድሩ።

ካልኮፍሉር በአልትራቫዮሌት ሥር የሚያበራ ቀለም ነው፤ የሚይዘውም ሳክሲኖግላይካንን ነው። ጋላክቶግሉካንን አይዝም። በአልትራቫዮሌት ሥር አለማብራቱ ብቻውን ኢፒኤስ የለም ማለት አይሆንም። ኮሎኒው ራሱ እያበራ በዙሪያው የሚታየው የብርሃን ክብ ከጠፋ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። ኤክሶኤች የተባለው ጂን የተበላሸበት ሚውታንት እንደዚህ ይታያል። ወደዚህ ጂን እመለሳለሁ።

ግሉኮስ ብቻ፣ ያውም በ2ኛው ካርቦን የተያያዘ

ይህ ክብ ግሉካን ነው። ሪዞቢየሞች ከ17 እስከ 25 የሚደርሱ ግሉኮሶችን በቤታ-1፣2 (የአንዱን 1ኛ ካርቦን ከሌላው 2ኛ ካርቦን ጋር) አያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። ቀለበት ስለሆነ ጫፍ የለውም፤ የጫፍ ስኳር ብትፈልግ አታገኝም። ብራዲሪዞቢየም ከሆነ ቀለበቱ ትንሽ ነው፤ ትስስሩም ቤታ-1፣3 እና ቤታ-1፣6 ይሆናል። ለመለየት ኢታኖሉን በደረጃ ጨምር። በ3 እጥፍ ኢታኖል ኢፒኤሱ ይወርዳል። ክብ ግሉካኑ ግን እስከ 10 እጥፍ ድረስ ይጠብቃል።

ኤልፒኤሱ የት ገባ?

በ65 እና በ68 ዲግሪ መካከል በሞቀ ፌኖልና ውሃ አወጣህ። የውሃውን ክፍል ወሰድህ፣ ፌኖሉን ደፋህ። ሞለኪውሎችን በኤሌክትሪክ የሚለየው ጄል ላይ ምንም የለም።

ፌኖሉን መድፋት አልነበረብህም። የብዙ ሪዞቢየሞች ኤልፒኤስ ወደ ውሃው ይሄዳል፤ የብራዲሪዞቢየም ግን ብዙ ጊዜ ፌኖሉ ውስጥ ይቀራል፤ ውሃ የሚጠላ ባሕርዩ ያይላልና። ሁለቱንም ክፍሎች ለየብቻ በዳያሊሲስ አጽዳና ሁለቱንም ጄል ላይ አስሩጥ።

ሁለቱም ባዶ ከሆኑ የብር ቀለሙን ጠርጥር። ይህ ቀለም የሚሠራው ፔሪዮዴት ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሃይድሮክሲሎችን ሲቆርጥ ነው። ቦታዎቹ በትስስር ወይም በቅጥያ (ስኳሩ ላይ በተንጠለጠለ ትንሽ ክፍል) ከተያዙ የሚቆረጥ ነገር የለም። አሲዳማ ፖሊሳካራይዶች ደግሞ ጄሉ ሲታጠብ አብረው ታጥበው ይወጣሉ። ኬ-አንቲጅኖች እንዲህ ሆነው ነው የሚያመልጡት። መጀመሪያ አልሺያን ብሉ በተባለ ቀለም ያዛቸው፣ ከዚያ ብሩን ጨምር። ያልነበሩ መስመሮች ብቅ ይላሉ።

የስኳሩ ድምር አይሞላም

የናሙናው ክብደት አለ፤ የስኳሩ ድምር ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። የጎደለው ዩሮኒክ አሲድ (ካርቦክሲል ያለው አሲዳማ ስኳር) ነው ብለህ ጀምር።

የሪዞቢየም ሌጉሚኖሳረም ኢፒኤስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ8ቱ ስኳሮቹ 5ቱ ግሉኮስ፣ 1ዱ ጋላክቶስ፣ 2ቱ ግሉኩሮኒክ አሲድ ናቸው። ስኳሮችን ለጋዝ ክሮማቶግራፊ በሚያዘጋጀው የተለመደ የአልዲቶል አሲቴት ዘዴ ግሉኩሮኒክ አሲዱ አይታይም። በዚያ ላይ የዩሮኒክ አሲድ ትስስር ለአሲድ አይበገርም። በ2 ሞላር ቲኤፍኤ (ጠንካራ አሲድ) በ120 ዲግሪ 2 ሰዓት ብታፈላው እንኳ ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞ የሚቀር አለ፤ ጎረቤቱንም ከድምሩ ይዞ ይጠፋል።

መፍትሄው ካርቦክሲሉን መቀነስ ነው። ናሙናውን በካርቦዲኢሚድ አንቃውና በሶዲየም ቦሮዲውቴራይድ ቀንሰው። ግሉኩሮኒክ አሲዱ ግሉኮስ ይሆናል፤ ግን 6ኛው ካርቦኑ ላይ 2 ዲውቴሪየም ስላለበት ማስ ስፔክትሮሜትሩ ከእውነተኛው ግሉኮስ ይለየዋል። ሌላው መንገድ ሜታኖላይሲስ አድርጎ (በአሲዳማ ሜታኖል ቆርጦ) በቲኤምኤስ መልክ፣ ማለትም ለጋዝ ክሮማቶግራፊ በሚመች ቅርጽ፣ ማየት ነው። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ።

በኤልፒኤሱ ኮር ውስጥ ያለው ኬዲኦ የተባለ ስኳርም በጠንካራ አሲድ ይጠፋል። ለእሱ ለብቻው ለስላሳ አሲድ ተጠቀም። ሊፒድ ኤ ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። የሪዞቢየም ሌጉሚኖሳረምና የሪዞቢየም ኤትሊ ሊፒድ ኤ ፎስፌት የለውም፤ በአንዱ ቦታ ጋላክቱሮኒክ አሲድ ተክቶታል። ፎስፌት ፈልገህ ብታጣ ኬሚካልህን አትውቀስ። ባለ 28 ካርቦኑ ረጅም ፋቲ አሲድ ካልታየህ ደግሞ የጋዝ ክሮማቶግራፊው ገና ሳይወጣ ተዘግቶበት ይሆናል። የሙቀት ፕሮግራሙን አራዝመው።

ቅጥያዎቹ ጠፉ

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሳክሲኖግላይካን ላይ ሳክሲኒል፣ አሲቲልና ፓይሩቪል የሚባሉ ትንንሽ ቅጥያዎች ተንጠልጥለዋል። ክብደታቸው ከሰንሰለቱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ሥራቸው ግን ትልቅ ነው። ኤክሶኤች የተበላሸበት ባክቴሪያ ሳክሲኒል የሌለው ሳክሲኖግላይካን ይሠራል። ሰንሰለቱ እያለ፣ ስኳሮቹ ሳይጎድሉ፣ አልፋልፋ ሥር ውስጥ መግባት ያቅተዋል። አጫጭሮቹን የሳክሲኖግላይካን ክፍሎችም በአግባቡ አይሠራም። የብርሃኑ ክብ የጠፋው ለዚህ ነው።

እንግዲህ አስበው። ተክሉ የሚፈልገው ቅጥያ ላብ ውስጥ ቀድሞ የሚረግፈው ነው። ሳክሲኒልና አሲቲል በኤስተር ስለተያያዙ ቤዝ ያራግፋቸዋል። ለማጽዳት ተብሎ የተጨመረ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ወይም ፒኤቹ ሳይታይ የከረመ በፈር በቂ ነው። ፓይሩቪል በተቃራኒው ቤዝን ይችላል፤ አሲድ ግን ይነቅለዋል። ሊፒድ ኤን ለመለየት በ1 ፐርሰንት አሴቲክ አሲድ በ100 ዲግሪ የምናፈላው ፍላት እንኳ ሊነካው ይችላል።

መፍትሄው ቅደም ተከተል ነው። ምንም ሳታደርግበት፣ በገለልተኛ ፒኤች እንዳለ፣ መጀመሪያ ፕሮቶን ኤንኤምአር (አተሞችን በማግኔት የሚያነብ ዘዴ) ውሰድ። አሲቲል ከ2.0 እስከ 2.2 ፒፒኤም (የሲግናል ቦታ መለኪያ) አካባቢ ይታያል። ፓይሩቪል 1.4 እና 1.5 መካከል፣ ሳክሲኒል 2.5 እና 2.7 መካከል ነው። አሲቲሉ በኦክስጅን ነው ወይስ በናይትሮጅን የተያያዘው የሚለውን ካርቦን-13 ይነግርሃል፤ ሜቲሉ 21 አካባቢ ከሆነ በኦክስጅን፣ 23 አካባቢ ከሆነ በናይትሮጅን ነው። ከዚያ ከናሙናው ግማሹን ብቻ በቤዝ አራግፍ። ሁለቱን ስፔክትረም ጎን ለጎን አስቀምጥ። የተንቀሳቀሰው ሲግናል ኤስተሩ የት እንደነበረ ይጠቁምሃል።

የኤንኤምአር መስመሮቹ ወፍራምና ደብዛዛ ናቸው

ናሙናው ዝልግልግ ስለሆነ ነው። መጠኑን ቀንስ፤ ሙቀቱን ወደ 60 ወይም 70 ዲግሪ አሳድግ። በዚያውም የውሃው ፒክ በየ10 ዲግሪው በ0.1 ፒፒኤም ገደማ ይሸሻል፤ ከሥሩ የተደበቁ አኖመሪክ ፕሮቶኖች (በስኳሩ የትስስር ካርቦን ላይ ያሉት) ይገለጣሉ። አሁንም ካልጠራ ሰንሰለቱን በሶኒኬተር አሳጥረው።

አልፋና ቤታን (የትስስሩን ሁለት አቅጣጫዎች) ስትለይ ማኖስና ራምኖስ ላይ ተጠንቀቅ። በእነዚህ የፕሮቶኖቹ ትስስር ቁጥር አይለይም። በካርቦንና በፕሮቶን መካከል ያለውን ለካ፤ 170 ኸርዝ አካባቢ አልፋ፣ 160 አካባቢ ቤታ ነው። አዞስፒሪለም የተባለ ሌላ የሥር ባክቴሪያ ኦ-ሰንሰለቶች ራምኖስ ስለሚበዛባቸው ይህ እዚያ የየቀን ሥራ ነው።

ቅርንጫፉ በዛ

በሜቲሌሽን ትንተና (ነጻ ሃይድሮክሲሎች ላይ ሜቲል ለጥፎ የትስስር ቦታን በሚለይ ዘዴ) ቅርንጫፎች ከጫፍ ስኳሮች ከበለጡ ሒሳቡ ተሳስቷል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ጫፍ ሊኖረው ይገባል። ትርፉ ሜቲል ያልደረሰው ቦታ ነው። ማሟሟያው ዲኤምኤስኦ ውሃ አለበት፣ ወይም ናሙናው አልሟሟም። አድርቀህ ድገመው። ዘዴው በቤዝ ስለሚሠራ አሲቲሎቹን ያጠፋል፤ ዩሮኒክ አሲድ ካለም ሰንሰለቱን ሊቆርጥ ይችላል። አሲቲሉን ማቆየት ከፈለግህ በሜቲል ትራይፍሌት፣ በትራይሜቲል ፎስፌት ውስጥ ሥራው።

ከምንም ስታንዳርድ ጋር የማይገጥም ስኳር

ባዶውን ማሳደጊያ አየህ፣ ካርቦክሲሉን ቀነስህ፣ ሜቲሌሽኑን ደገምህ፣ ፒኩ አሁንም አለ። እንግዲያው አትጣለው። ቢቲኤአይ1 የተባለው ብራዲሪዞቢየም ኦ-ሰንሰለቱ በሙሉ ከአንድ ያልታወቀ ስኳር የተሠራ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለት ቀለበት ያለው ነው፤ ብራዲሪዞስ ተባለ። መዋቅሩ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ይህ ኦ-ሰንሰለት ተክሎች ላይ የመከላከያ ምላሽ አያስነሳም። እንዲህ ያለ ፒክ ሲገጥምህ ናሙናውን በብዛት አዘጋጅ፣ ኦ-ሰንሰለቱን ለይ፣ ባለ ሁለት ገጽታ ኤንኤምአር ውሰድ። ግማሹን ደግሞ ሳትነካው አቀዝቅዘህ አስቀምጥ።