ወደ ሬቸል ከማምራትዎ በፊት ነዳጅ ይሙሉ

ከላስ ቬጋስ ተነስታችሁ በኔቫዳ ስቴት መንገድ ቁጥር 375 ለመጓዝ የምታስቡ ወገኖች፣ ከክሪስታል ስፕሪንግስ እስከ ዋርም ስፕሪንግስ በሚዘልቀው 158 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ማደያ ስለሌለ፣ ከዚያ በፊት በምታገኟት አላሞ ከተማ ላይ ነዳጅ ሞልታችሁ ውሃም ይዛችሁ ብታልፉ ይመረጣል። በመካከሉ ያለችው ብቸኛ መንደር ሬቸል ምግብና ማደሪያ እንጂ ቤንዚን የላትም። ዋርም ስፕሪንግስም ስሙ በካርታ ላይ ይታይ እንጂ ነዋሪ የሌለው ስፍራ ሲሆን፣ ቀጣዩ ከተማ ቶኖፓ ከዚያ ሌላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ኔትወርክ በብዙ ቦታ ስለሚጠፋ ካርታውን ስልካችሁ ላይ አስቀድማችሁ አውርዱ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው የሌሊት ጉዞ ነው፤ አካባቢው አጥር የሌለው የግጦሽ መሬት በመሆኑ፣ ጥቁር ላም አስፋልቱ መሐል ቆማ የመኪናው መብራት እስኪያርፍባት ድረስ ላትታይ ትችላለች።