በፓይተን ኤክሴፕሽን መቼ ይያዛል፣ መቼስ ይለቀቃል?

ኤክሴፕሽን ፕሮግራም ሲሠራ ስህተት ሲያጋጥመው የሚወረወር ምልክት ነው፤ የሚይዘው ከሌለ ፕሮግራሙ ይቆማል። ፋይል ከፍቶ በየመስመሩ የተጻፈውን ዋጋ የሚደምር ፕሮግራም አለን እንበል። መጀመሪያ ያለ ትራይ (ስህተት ሊያስነሳ የሚችለው ኮድ የሚገባበትና ስህተቱ ከሥሩ ባለው ኤክሴፕት የሚያዝበት ክፍል) ይጻፉትና ሆን ብለው ያስቸግሩት። የሌለ ፋይል ስም ሲሰጡት ፋይልኖትፋውንድኤረር፣ «120 ብር» ወይም ኮማ ያለበት «1,250» ሲያጋጥመው ደግሞ ቫልዩኤረር ብሎ ይቆማል። የስህተቱ ዓይነት ያለው በመልእክቱ የመጨረሻ መስመር ላይ ነው፤ መዝግበው ይያዙት።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ስህተት ይጠይቁ፦ ኮዱ እዚህ ቦታ ላይ ሆኖ ምን ማድረግ ይችላል? ፋይሉ ከሌለ የሚያነበው ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ምንም መላ የለውም፤ ስለዚህ ስህተቱን አይያዘው፣ ወደ ጠራው ኮድ ይለፍ። የሚያዘው ፕሮግራሙ በሚጀመርበት ቦታ ነው፤ ተጠቃሚው ትክክለኛውን ስም እንዲሰጥ የሚጠየቀው እዚያ ነውና። ላይ የሚቀበለው መኖሩን ግን ያረጋግጡ። አሪያን 5 ሮኬት በ1996 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ በረራው የጠፋው፣ ባለ64 ቢት ቁጥር በ16 ቢት አልያዝ ሲል የተወረወረውን ኤክሴፕሽን የያዘው ስላልነበረና የአቅጣጫ መለኪያ ኮምፒውተሮቹ ስለተዘጉ ነው።

የተበላሸ መስመር ሲገኝ ዘሎ መቀጠል ይቻላል። ጉዳዩ ገንዘብ ከሆነ ግን የተዘለለው መስመር ድምሩን ያሳስታል፤ የመስመሩን ቁጥር ተናግሮ መቆም ይሻላል።

አሁን ትራይ ያስገቡ። በውስጡ ጽሑፉን ወደ ቁጥር የሚቀይረው አንድ መስመር ብቻ ይኑር፤ መደመሩ ስህተት ካልተነሳ ብቻ በሚሠራው በኤልስ ሥር ይግባ። ትራዩ ከሰፋ ከሌላ ፈንክሽን የመጣ ቫልዩኤረር ሁሉ «ዋጋው ተበላሽቷል» ያስብላል፤ እርስዎም ስህተቱን በሌለበት ሲፈልጉ ይውላሉ። ኤክሴፕት ላይ የስህተቱን ስም ይጻፉ። ስም የሌለው ኤክሴፕት ኪቦርድኢንተራፕትን ጭምር ስለሚይዝ፣ በሉፕ (በሚደጋገም ኮድ) ውስጥ ከሆነ ኮንትሮልና ሲ ቢጫኑም ፕሮግራሙ አልቆምም ይላል። ከሥሩ ምንም የማያደርገው ፓስ ያለበትማ ባይጻፍ ይሻል ነበር። በራስዎ መልእክት መልሰው ሲወረውሩ ሬይዝን ከፍሮም ጋር ይጠቀሙ፤ የመጀመሪያው ስህተት መነሻ ሆኖ አብሮ ይታያል። ፋይሉን በዊዝ ከከፈቱት ኤክሴፕሽን ቢወረወርም ይዘጋል።

ትራይ የማያስፈልግበትም አለ። ዲክሽነሪ (እያንዳንዱ ዋጋ በቁልፍ የሚቀመጥበት ስብስብ) ውስጥ ላይኖር የሚችል ቁልፍ፣ ባይገኝም ኤክሴፕሽን በማይወረውረው በጌት ይፈለጋል። ፋይል ላይ ተቃራኒው ነው፦ መኖሩን በኢፍ አይተው እስኪከፍቱት ሌላ ፕሮግራም ሊያጠፋው ስለሚችል፣ በቀጥታ ከፍቶ ስህተቱን መያዝ ይሻላል። ፍጥነቱ አያሳስብዎ፤ ከፓይተን 3.11 ጀምሮ ምንም ካልተወረወረ ትራይ የሚወስደው ጊዜ ከቁጥር አይገባም።

«-50» የሚል ዋጋ ግን ያለ አንዳች ኤክሴፕሽን ይደመራል፤ እሱን የሚያስቆመው እርስዎ የሚጽፉት ኢፍ ነው።