ለመኪናችሁ ሰብዉፈር ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባሕር ዳር ላይ የሠርግ ሰሞን ሲገባ ሰብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ (ቤዙን) ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ ያልጫነ አጃቢ መኪና ማግኘት ይከብዳል። መኪኖቹ የጣናን ዳር ይዘው ሲያልፉ ከሩቅ የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ ሙዚቃው አይደለም፤ የታርጋና የበር ቆርቆሮ መንቀጥቀጥ ነው። ሁሌ ዕቃው መናኛ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። አመራረጡና አገጣጠሙ ነው የሚያበላሸው።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ሄርዝ ማመን

«ከ20 እስከ 2000 ሄርዝ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ሄርዝ ማለት የስፒከሩ ኮን (ከፊት ያለው ሾጣጣ ክፍል) በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምፁ ይወፍራል። የሰው ጆሮ በግምት ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ይሰማል። ሰብዉፈር የሚገዛው ለታችኛው ጥግ ብቻ ነው። መኪና ውስጥ ከ80 ሄርዝ በላይ ያለውን ለበር ስፒከሮች መተው ይሻላል። ስለዚህ 2000 የሚለው ምንም አይጠቅማችሁም።

20 የሚለውም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ኮኑ 20 ሄርዝ ላይ ተንቀሳቀሰ ማለት ጆሮ የሚሞላ ድምፅ አወጣ ማለት አይደለም። ከቁጥሩ ጎን «በ3 ዴሲቤል ልዩነት» የሚል ነገር ካለ (ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ አምራቹ ድምፁ እስከዚያ ድረስ ብዙ እንደማይወርድ እየነገራችሁ ነው። ከሌለ ቁጥሩን ለማስታወቂያ ቁጠሩት።

ደግሞስ 20 ሄርዝ ምን ያደርግላችኋል? ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ዝቅ ብሎ ዝቅ ብሎ የሚደርሰው 41 ሄርዝ አካባቢ ነው። ማሲንቆና ዋሽንት ለሚያዳምጥ ሰው ለሰብዉፈሩ የሚደርሰው ከበሮውና ቤዙ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ 20 ከሚል፣ 35 ወይም 40 ላይ ጠንክሮ የሚመታ ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ ሰምቶ መግዛት

ይህኛው ብዙ ሰው ይሸውዳል። ሱቅ ውስጥ የሚሰማው ድምፅና መኪና ውስጥ የሚሰማው ፈጽሞ አይገናኙም። የ40 ሄርዝ ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህ ከመኪናው ውስጥ ስፋት በጣም ይበልጣል። መስኮት ሲዘጋ አየሩ መሄጃ ስለሚያጣ ሰብዉፈሩ ግፊቱን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ወፍራሙ ድምፅም በራሱ ጊዜ ይጨምራል። እንደ ቪትዝ ባለች ትንሽ መኪና ይህ ጎልቶ ይታወቃል።

ችግሩ የባሕር ዳር ሙቀት ነው። ሚያዝያ ላይ መስኮት ዘግቶ የሚነዳ ማን አለ? መስኮቱ ሲከፈት ግፊቱ ይወጣል፣ ታችኛው ቤዝ አብሮ ይሄዳል። ነጂው ደግሞ «ደከመ» ብሎ አምፑን (ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠውን ማጉያ) ይጨምራል። ከመግዛታችሁ በፊት ተመሳሳይ መኪና ውስጥ የተገጠመ ፈልጉ። አንዴ ዘግታችሁ፣ አንዴ ከፍታችሁ ስሙት። ሁሌ ከፍታችሁ የምትነዱ ከሆነ የስፒከሩን መጠን ከፍ አድርጎ መምረጥ ያዋጣል።

በዋት መወዳደር

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ካርቶኑ ላይ ያለው ትልቁ የዋት ቁጥር ዕቃው ለቅጽበት የሚታገሠው ነው። ጠይቁ የምላችሁ አር ኤም ኤስ የሚባለውን፣ ሳያቋርጥ የሚችለውን ዋት ነው። አምፑም ስፒከሩም በዚያ ይመዘኑ። የኦሙም (ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት ልክ) ነገር አይረሳ፤ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ሽቧቸው ጎን ለጎን (በፓራለል) ሲያያዙ 2 ኦም ይሆናሉ። አምፑ 2 ኦም የማይችል ከሆነ ይግላል፣ ይቃጠላል።

ሳጥኑን እንደ ተራ ዕቃ ማየት

ያው 12 ኢንች ስፒከር በሌላ ሳጥን ሌላ ድምፅ ነው። ዝግ ሳጥን ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፣ ምቱም ደረቅ ያለ ነው። ባለ ቀዳዳው ይጮኻል፣ ለጭፈራ ይመቻል። ግን የተቃኘበት ልክ አለው፤ ለምሳሌ 35 ሄርዝ። ከዚያ በታች ሲሆን ኮኑን የሚይዘው አየር ስለሌለ ያለ ልክ ይዘላል፣ ቶሎም ይበላሻል። ለዚህ ነው አምፑ ላይ የታችኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ የሚያስፈልገው። እንጨት ሥራ ቤት ስታሠሩ አምራቹ ለሳጥኑ የሰጠውን የሊትር መጠን ይዛችሁ ሂዱ። ሠራተኛው «በዓይኔ ልክ እሠራዋለሁ» የሚላችሁ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ማጣሪያውን ከፍ አድርጎ መተው

አምፑ ላይ ከ50 እስከ 200 ወይም 250 ሄርዝ የሚዞር፣ ከላይኛው በተለየ የላይኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ሌላ ማጣሪያ ቁልፍ ይኖራል። ጥግ ድረስ ከዞረ የወንድ ድምፅ ከኋላ መምጣት ይጀምራል። ዘፋኙ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። 80 አካባቢ ጀምሩ፣ ከዚያ በጆሯችሁ ዝቅ ከፍ አድርጉ። ጌይን የሚለው ቁልፍ ደግሞ ድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ አምፑን ከቴፑ ጋር ማስማሚያ ነው። ጌይን ከልኩ ሲያልፍ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ኮይሉም (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ) ይቃጠላል።

ሽቦ ላይ መቆጠብ

ባለ 500 ዋት አምፕ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከባትሪው 50 አምፔር ገደማ ይስባል። ቀጭን ሽቦ ይህን አይሸከምም። ላዩ መዳብ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦም በርካሽ ይሸጣል፤ ጫፉን ፋቅ አድርጋችሁ እዩት። ፊውዙ ከባትሪው በ45 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን። አምፑ ጋ ብቻ ካለ፣ መንገድ ላይ ሽቦው ቆርቆሮ ቢነካ የሚያቋርጠው የለም። ማታ ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ደብዘዝ ካለ ሽቦውን፣ ባትሪውንና ዲናሞውን አስፈትሹ። ሌላ አምፕ መግዛት አይፈታውም።

ታርጋውም ከጀርባው ስስ ስፖንጅ ቢደረግለት ዝም ይላል።